ልጆቻችንና አንዲቱ የኮምፒዩተር ሰዓት

በዘመናችን ኮምፒዩተር ያልገባበት የሥራ ክፍል እምብዛም አይገኝም። የባንክ ጸሐፊ የገንዘቡን መዝገብ በርሱ ይይዛል፤ ሐኪም የበሽተኛውን የምርመራ ውጤት በርሱ ያነባል፤ የአየር መንገድ ሠራተኛም የመንገደኛውን ስም በርሱ ይፈልጋል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክ እንኳ፣ ስሙ ስልክ ይባል እንጂ፣ ነገሩ ኮምፒዩተር ነው። ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ የሚሠራው ሰው ባዘጋጀለት ትእዛዝ መሠረት ነው። በተራ የተጻፈው ትእዛዝ ፕሮግራም ይባላል፤ ትእዛዙን የመጻፍ ሥራም ኮዲንግ የሚል ስም ወጥቶለታል።

ትእዛዙን የሚጽፉት ሰዎች በቍጥር ጥቂቶች ናቸው። በትእዛዙ የሚተዳደሩት ግን እጅግ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ መምህራን፣ ሕፃናት ይህን አጻጻፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ እጃቸው ሊሞክሩት አይገባምን? ሲሉ ጠየቁ። እኛም ዛሬ በዚህ ገጽ ለወላጆችና ለመምህራን፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቶችን ለመርዳትና ለመጎብኘት ኀላፊነት ላለባቸው ሹማምንት ልንገልጽላቸው ያሰብነው፣ በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ስለ ተጀመረችው የአንድ ሰዓት ትምህርት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

«የኮድ ሰዓት» የተባለው ጉዳይ የተጀመረው በ2013 በአሜሪካ አገር ነው። የጀመረውም ኮድ ዶት ኦርግ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ መሥራቾቹ በኢራን የተወለዱት መንታ ወንድማማቾች ሐዲ ፓርቶቪና ዓሊ ፓርቶቪ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ተማሪው ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቅ ቢሆን፣ መምህሩም ከተማሪው የማይሻል ቢሆን፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጽፈው ይነሡ የሚል ነው። አዘጋጆቹ እንዳስታወቁት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 20 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ሞክረውታል። በሚቀጥለውም ዓመት፣ ታኅሣሥ ወር በገባ በ8ኛው ቀን 2014፣ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በዋይት ሐውስ ከተማሪዎች ጋር ተቀምጠው አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፉ። የትእዛዙም ፍሬ ነገር «100 ያህል ወደ ፊት ሂድ» የሚል ነበር። ለአንድ የአገር መሪ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሕፃናቱ መሪው ከነርሱ ጋር እኩል ጀማሪ ሆኖ ሲቀመጥ አይተዋልና ትንሽ አልነበረም።

ለዚሁ ትምህርት የተመረጠው ሳምንት በያመቱ የአውሮፓውያን ታኅሣሥ 9 ቀን የሚውልበት ሳምንት ነው። ይህም ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ኅዳር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ ባለው ዓመት ግን ኅዳር 29 ቀን ይሆናል። ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት በ1906 ግሬስ ሆፐር የተባሉት እመቤት የተወለዱበት ስለ ሆነ ነው። የኚህ ሴት ታሪክ ለልጃገረዶች ሊነገር የሚገባው ነውና ጥቂት እንቈይበት።

ወይዘሮ ሆፐር በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ አሜሪካ የባሕር ኃይል ገብተው፣ በ1944 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ በሚባለው ታላቅ የሒሳብ መሣሪያ ላይ እንዲሠሩ ተመደቡ። በዚያን ዘመን ለኮምፒዩተር የሚሰጠው ትእዛዝ ቍጥር ብቻ ነበር፤ ቍጥሩንም ለመጻፍ የሚችሉት የሒሳብ ሊቃውንት ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ሆፐር ግን፣ ሰው በሚገባው ቃል ይጻፍ፤ ቃሉን ወደ ቍጥር የመተርጐሙን ድካም መሣሪያው ራሱ ይሸከም፣ ብለው ተከራከሩ። ኮምፒዩተር ቃል አይገባውም ብለው የመለሱላቸው ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸው ግን በ1952 እንዲህ ያለውን የመተርጐም ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅተው አሳዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮቦል የተባለው የንግድና የመሥሪያ ቤት ሥራ ቋንቋ የተዘጋጀው የእርሳቸውን ሐሳብ ተከትሎ ነው። በመጨረሻም በባሕር ኃይሉ የአድሚራልነት ማዕርግ ደርሰው በ1986 ጡረታ ወጡ፤ በ1992 ዐረፉ። ንግግር ሲያደርጉ 30 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የሽቦ ቍራጭ ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር ይባላል። ሽቦዋ የምታሳየው ብርሃን ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ የሚሄደውን ርቀት ነው። መምህራን ሆይ፣ ይህን ማሳያ ለመሥራት ሽቦና ማስመሪያ ይበቃል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በ2013 ከቀረቡት ትምህርቶች ይበልጥ የታወቀው 20 እንቆቅልሾች ያሉት ነው። በመስታወቱ ላይ አንዲት ቀይ ወፍና አንድ አረንጓዴ አሳማ ይታያሉ፤ በመካከላቸውም ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ሕፃኑ ወፊቱን ወደ አሳማው ማድረስ አለበት። ነገር ግን በእጁ ሊጎትታት አይችልም፤ አስቀድሞ ትእዛዙን በሙሉ ደርድሮ፣ ከዚያ በኋላ «ጀምር» የሚለውን መጫን ነው። ትእዛዞቹ የተጻፉት ሕፃናት እንደሚጫወቱባቸው የእንጨት ቍርጥራጮች እርስ በርሳቸው በሚገጣጠሙ ቅርጾች ላይ ነው። «ወደ ፊት ሂድ»፣ «ወደ ግራ ዙር»፣ «ወደ ቀኝ ዙር» የሚሉ ናቸው። ፊደል መልቀም ስለሌለበት የጽሕፈት ስሕተት ብሎ ነገር የለም፤ የሐሳብ ስሕተት ግን አለ።

ሕፃኑ ግራና ቀኙን ቢያሳስት ወፊቱ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። መሣሪያው አይቈጣም፤ ጓደኞቹም አይሥቁበትም፤ ምክንያቱም የሁሉም ወፍ ትጋጫለች። ሕፃኑ ትእዛዙን አንድ በአንድ መለስ ብሎ ያነባል፣ የተሳሳተችውን ቍራጭ ፈልጎ ያወጣል፣ ደግሞ ይሞክራል። ስሕተት ጥፋት ተብሎ በሚቈጠርበት ክፍል ውስጥ ያደገ ተማሪ ይህን ሲያገኝ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ኋላ ግን ከመቀመጫው አልነሣም ይላል። በእኛ አስተያየት ሰዓቲቱ ለሕፃኑ የምትሰጠው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን ስሕተት «ባግ» ይሉታል፤ ትርጕሙ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። ቃሉ በመሐንዲሶች ዘንድ የቈየ ቢሆንም፣ በ1947 ማርክ ሁለት በተባለው የሐርቫርድ ኮምፒዩተር ውስጥ እውነተኛ የእሳት ራት ተጣብቃ ሥራውን አስተጓጕላ ተገኝታለች። ሠራተኞቹም የሥራ መዝገባቸው ላይ ለጥፈው አስቀርተዋታል። ሕፃናት ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ጥቂት እንቆቅልሾች ካለፉ በኋላ መንገዱ ይረዝማል፤ «ወደ ፊት ሂድ» የሚለውን 5 ጊዜ መደርደርም ያሰለቻል። በዚህን ጊዜ «ድገም» የሚለው ትእዛዝ ይመጣል። ይህንን በአጭር ፊልም የሚያስረዱት የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዘከርበርግ ናቸው። ቀጥሎም «እንዲህ ከሆነ» የሚለውን ትእዛዝ የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ ያስረዳሉ። በተራ መደርደር፣ መድገም፣ እንዲህ ከሆነ ብሎ መወሰን፤ እነዚህን ሦስቱን የተረዳ ሰው ከማናቸውም ታላቅ ፕሮግራም ውስጥ ብዙውን ክፍል መሠረቱን ያውቃል ማለት ይቻላል።

ይህ ዘዴ ግን ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በ1967 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር ሦስት ሰዎች፣ እነርሱም ዋሊ ፎይርዛይግ፣ ሲንቲያ ሰሎሞንና ሲሞር ፓፐርት፣ ሎጎ የተባለ የሕፃናት የኮምፒዩተር ቋንቋ አወጡ። ከሦስቱ ይበልጥ የታወቁት ፓፐርት በ1928 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ከተማ የተወለዱ ናቸው። በሎጎ ትእዛዝ የሚሰጣት «ዔሊ» የተባለች ሥዕል ሣዪ ናት። «100 ወደ ፊት ሂጂ፤ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዙሪ» የሚለውን 4 ጊዜ ብትደግም ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይወጣል። ይህን ማንም ሕፃን ይሠራዋል። ሦስት ማዕዘን ሣሉ ሲባሉ ግን ችግር ይፈጠራል። ተማሪው ጐኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ተምሯልና፣ «60 ዙሪ» ብሎ ይጽፋል። ዔሊዋ ሦስት መስመር ሥላ የተጀመረበት ሳትደርስ ትቆማለች፤ ቅርጹም አይገጥምም። በዚህን ጊዜ መልካም መምህር መልሱን አይናገርም፤ «ተነሥተህ ራስህ ሂድበት» ይለዋል። ተማሪው በክፍሉ ወለል ላይ ሲሄድ፣ ከጐን ወደ ጐን ሲዞር ሰውነቱ የሚዞረው በውስጠኛው ማዕዘን ሳይሆን በውጭው መሆኑን በእግሩ ያውቀዋል። 180 ሲቀነስ 60፣ 120 ነው። ይህን ከጥቍር ሰሌዳ ላይ ቢገለብጠው ኖሮ በሳምንቱ ይረሳው ነበር።

ሆኖም ነገሩን ያለ ልክ ማወደስ አይገባም። ኮዲንግ የተማረ ሕፃን በሌላውም ትምህርት ሁሉ ብልህና አሰላሳይ ይሆናል የሚል ተስፋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጣም ተስፋፍቶ ነበር። ሮይ ፒና ሚዲያን ከርላንድ የተባሉት ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ ሎጎ የተማሩ ሕፃናትን መርምረው በ1984 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕፃናቱ ሌላ ሥራ በማቀድ ረገድ ካልተማሩት ይህን ያህል ልዩነት እንዳላሳዩ ገልጸዋል። ዓመት ሙሉ መማር እንዲህ ያለውን ለውጥ በራሱ ካላመጣ፣ አንዲት ሰዓት አታመጣውም። ስለዚህ ወላጆች ከዚህች ሰዓት ሊጠብቁት የሚገባው ልጃቸው ሊቅ ይሆናል ብለው አይደለም። ልጁ በሩን አንኳኵቶ ውስጡን ያያል፤ መግባትና አለመግባት የኋላ ጉዳይ ነው።

በአማርኛ ለማስተማር ለሚያስቡ ሰዎች ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ስክራች የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው የሕፃናት ኮዲንግ ቋንቋ፣ ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛም ይገኛል። ይሁን እንጂ ቍርጥራጮቹ የተቀረጹት በመጀመሪያ ለእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ግሱ ይቀድማል፤ «ድገም» የሚለው ከላይ ሆኖ የሚደገመው ነገር ከሥሩ ይገባል። በአማርኛ ግን ግሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እኛ «ወደ ፊት መሄድን 4 ጊዜ ድገም» እንላለን እንጂ «ድገም 4 ጊዜ ወደ ፊት መሄድን» አንልም። ስለዚህ «የሚከተለውን 4 ጊዜ ድገም» ብሎ መጻፍ የተሻለ ይመስለናል፤ ንግግሩም አይሰበርም፣ የቍራጩም ቅርጽ አይፋለስም። «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ደግሞ በአማርኛም መቅደም ልማዱ ስለ ሆነ ችግር የለበትም።

ከዚህም ሌላ እንግሊዝኛው የማያውቀው ጥያቄ አለ። ኮምፒዩተሩን «ሂድ» እንበለው ወይስ «ሂጂ»? አማርኛን በመማር ላይ ያለ ሰው ይህን ጥያቄ በሚገባ ያውቀዋል። ሕፃናቱ ግን አይቸገሩም፤ ዔሊዋን «ሂጂ»፣ መኪናውን «ሂድ» ይላሉ። «ይሂዱ» የሚል ግን እስካሁን አልሰማንም፤ ለመሣሪያ እርስዎ ማለት ገና አልተለመደም።

ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤትስ ምን ያድርግ? ይህ በአገራችንና በጎረቤቶቻችን ገጠር ዋናው ጥያቄ ነው። መልሱ የሚያስገርም ነው፤ የመጀመሪያዋ ሰዓት ኮምፒዩተር አትፈልግም። በኒው ዚላንድ በካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቲም ቤልና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኮምፒዩተርን ጥበብ ያለ ኮምፒዩተር፣ በካርታ፣ በገመድና በጠመኔ የሚያስተምሩበትን ዘዴ አዘጋጅተዋል። መምህሩ በወለሉ ወይም በግቢው መሬት ላይ 5 በ5 የሆኑ ቤቶች ይሥላል፤ በጥቂቶቹ ቤቶች ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል። አንዱ ተማሪ «መሣሪያ» ይሆናል፤ ሌሎቹ ትእዛዙን በወረቀት ይጽፉለታል። ደንቡ አንድ ነው፤ መሣሪያው ከተጻፈው በቀር አንዳች ነገር አይሠራም። ድንጋይ ላይ ሂድ ካሉት ይሄዳል፤ ዙር ብለው ወደ የት ካላሉት ቆሞ ይቀራል። ሣቁ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ወረቀቱ ይታረማል፤ ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ሁልጊዜ ይረዝማል።

በቤት ውስጥም ምሳሌ ሞልቶአል። ጳጉሜን መቼ 6 ቀን እንደምትሆን ለማወቅ አባቶቻችን የተዉልን ስሌት እውነተኛ ፕሮግራም ነው። የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት በ5500 ላይ ደምር፤ ድምሩን ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ ካልሆነ 5 ቀን ናት። በኢትዮጵያ አቈጣጠር 2015ን ብንወስድ፣ ድምሩ 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። በርግጥም በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ተማሪው የተወለደበትን ዓመት በዚህ መንገድ ቢመረምር «እንዲህ ከሆነ» የሚለውን ትእዛዝ ሳያውቀው ተምሮታል።

የወንበሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ባለበት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ኮምፒዩተር ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ማን ምን እንደሚያደርግ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መዳፊቱን የሚይዘው ድፍረት ያለው፣ ብዙ ጊዜም ወንዱ ልጅ ነው። ልጃገረዷ ከጀርባ ቆማ ታያለች፤ መልሱን ብታውቀውም እንኳ በጆሮው ትነግረዋለች እንጂ እጅዋን አታስገባም። ሰዓቲቱ ስታልቅ አራቱም «ተማሩ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በእጁ የሠራው ግን አንዱ ነው። የግሬስ ሆፐርን ልደት ለማሰብ የተመረጠ ሳምንት እንዲህ ሆኖ ማለፉ ያሳዝናል። መድኀኒቱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሩ ሰዓት ይዞ በያምስት ደቂቃው ይደውል፤ በተደወለ ቍጥር መዳፊቱ ወደሚቀጥለው ተማሪ ይለፍ፤ መዳፊቱን የያዘው ዝም ይበል፣ ያልያዙት ይናገሩ። በዚህ ደንብ ከጀርባ የቆመችው ልጅ ትእዛዝ ሰጪ ትሆናለች፤ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ወንበሩ ይለቀቅላታል።

በአገራችን ስላለው የሕፃናት ትጋት የሚነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ2012 «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች አድሎ፣ ምንም አስተማሪ ሳይመድብ ትቶላቸው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት፣ ሕፃናቱ ሳጥኑን ከፍተው መሣሪያውን ለማስነሣት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በ5 ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን የፎቶግራፍ ማንሻ ራሳቸው አስከፍተውታል። ይህ ታሪክ በውጭ አገር እንደ ተአምር ተወርቷል። እኛ ግን ተአምር አላየንበትም። ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ሕፃን የተዘጋ ነገር እንደማይወድ ያውቃል። ከዚህ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን፣ አስተማሪ ሳይኖራቸው ያን ያህል ከሄዱ አስተማሪ ቢኖራቸው የት በደረሱ የሚለው ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ጉዳዩ ከአንዲት ሰዓት ወደ መደበኛ ትምህርት በመሻገር ላይ ይገኛል። የኬንያ የሥርዓተ ትምህርት ተቋም በ2022 ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮዲንግ ትምህርት አጽድቋል። በኢትዮጵያም በ2024 ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ተጀምሯል፤ ይህ ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለ ሆነ ኢንተርኔትና መሣሪያ ላለው ወጣት የሚጠቅም እንጂ የሦስተኛ ክፍል ሕፃንን የሚደርስ አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ የኮድ ሰዓት አዘጋጆች በ2025 ሰዓቲቱን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት አዙረዋታል። ስለዚህም አንዳንድ ወላጆች፣ መሣሪያው ራሱ ኮድ መጻፍ ከጀመረ ልጆቻችን ለምን ይደክማሉ? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላ የጻፈለትን ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ሹም በደብዳቤው ላይ መፈረም የለበትም።

ሹማምንትን ካነሣን አይቀር፣ ጥቂት ቃል ለነርሱ። ይህች ሰዓት ለበዓል የምትመች ናት። ሪባን ይቈረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው ከኮምፒዩተሩ ፊት ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የክፍሉ በር ተቈልፎ ቍልፉ ከዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊው ኪስ ይገባል። እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚጎበኝ ሹም ስንት ተማሪ ተካፈለ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ቍልፉ ማን ዘንድ ነው? ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከበዓሉ በኋላ ባለው ወር ስንት ጊዜ ተከፈተ? መብራት በሚጠፋበት ቀን መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ ያስተምራል ወይስ ተማሪዎቹን ይሸኛል? የሒሳብ መምህሩስ ይህን ትምህርት ያውቀዋል ወይስ ለአንድ ወጣት ሠራተኛ ብቻ የተተወ ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ከፎቶግራፉ ይበልጥ ይናገራል።

ለእናቶች ደግሞ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሆን ሥራ እንስጥ። ልጅዎን ጠርተው፣ «ቡና እንዴት እንደሚፈላ፣ ምንም ለማያውቅ ሰው ጻፊልኝ» ይበሏት። መጀመሪያ የምትጽፈው አምስት ወይም ስድስት መስመር ነው። ወረቀቱን ተቀብለው እንደ መሣሪያው ይሁኑ። ቍላ ይላል፤ በምን እሳት? ውቀጥ ይላል፤ ሙቀጫው የት አለ? ጀበናው ውስጥ ጨምር ይላል፤ ውሃ ግን አልተባለም። ልጅቱ እየሣቀች ታርማለች። ነገሩ የሚጠነክረው አቦል ሲያልቅ ነው። ቶናንና በረካንም በሙሉ እንደገና እንዳትጽፍ «የሚከተለውን 3 ጊዜ ድገም» በይ ይበሏት። ውሃ ጨምር፣ እስኪፈላ ጠብቅ፣ እስኪሰክን ጠብቅ፣ ቅዳ። አሁን ልጅቱ አንድ ነገር መወሰን ይኖርባታል። «የተወቀጠውን ቡና ጨምር» የሚለው መስመር ከሚደገመው ውስጥ ነው ወይስ ከርሱ በፊት? ውስጥ ካስገባችው በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ቡና ይገባል፤ በረካው ከአቦሉ ይወፍራል፤ የቤቱ ቡናም በአንድ ቀን ያልቃል። ከውጭ ካስቀመጠችው ግን በረካው እንደ ልማዱ ቀጭን ይሆናል። ምን እንደሚሻል አይንገሯት፤ እስክትጽፈው ይጠብቁ። እንግዳ ካለ ደግሞ «ስኳር ይፈልጋል?» የሚለውን ጥያቄ ራስዋ ታመጣዋለች።